ኪዩቢት ምንድን ነው?

«በአንድ ጊዜ 0ም 1ም የሆነ ቢት» የሚለው አባባል ለዜና ይበቃ ይሆናል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ፊዚክስ ወይም ሒሳብ ለሚያጠና ተማሪ ግን አንድም ስሌት አያሠራውም።

ኪዩቢት የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃድ ሲሆን፣ ሲለካ ከሁለት ውጤቶች አንዱን ብቻ የሚሰጥ ሥርዓት ነው፤ ሲለካ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ የሚገኘው የኤሌክትሮን ስፒን ጥሩ ምሳሌ ነው። ከመለካቱ በፊት ያለበት ሁኔታ በሁለት ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር መጠን በራሱ ሲባዛ 0 የመውጣት ዕድሉን፣ የሁለተኛው ደግሞ 1 የመውጣት ዕድሉን ይሰጣል፤ ድምራቸው የግድ 1 ነው። ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1926 ያስቀመጠው የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቦርን ነው። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ሃይዘንበርግ የተጠቀመበት እንግዳ የማባዛት ዘዴ የማትሪክስ (የቁጥሮች ሰንጠረዥ) ብዜት መሆኑን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የለየውም እሱ ነበር። የኳንተምና የሊኒየር አልጀብራ ዝምድና ያን ያህል ሥር የሰደደ ነው።

አንድን ኪዩቢት የሚቀይር ጌት ሁለት በሁለት ማትሪክስ ነው። የሃዳማርድ ጌት የላይኛው ረድፍ 1 እና 1፣ የታችኛው 1 እና −1 ነው፤ ሁሉም ለ√2 ይካፈላሉ። ማካፈሉ ከተረሳ የዕድሎቹ ድምር 2 ይመጣል። ከ(1, 0)፣ ማለትም ውጤቱ በእርግጠኝነት 0 ከሆነበት ሁኔታ፣ ተነስተን አንድ ጊዜ ብናሳልፈው (0.707, 0.707) ይሆናል፤ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። እንደገና ብናሳልፈው ላይ 0.5 + 0.5 = 1፣ ታች 0.5 − 0.5 = 0 ይወጣል። ጣና ላይ የአንዱ ሞገድ ጫፍ ከሌላው ጎድጓዳ ጋር ሲገጥም እንደሚጠፋፉት፣ እዚህም ምልክቱ አጠፋው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ጌት በኋላ ቁጥሮቹን ስኩዌር አድርገው በ0.5 እና በ0.5 ይቀጥላሉ። ስኩዌር ማድረግ የመቀነስ ምልክቱን ይደመስሰዋል፤ ኪዩቢቱን መሀል ላይ እንደ መለካት ነው። እንዲያ ከተደረገ ሁለተኛው ጌት ወደ መነሻው አይመልሰውም፤ ውጤቱ ግማሽ በግማሽ እንደሆነ ይቀራል።

ሁለት ኪዩቢቶች አራት ቁጥሮች ይፈልጋሉ። ቁጥሮቹ በ00፣ 01፣ 10፣ 11 ቅደም ተከተል ሲጻፉ፣ የመጀመሪያውና የአራተኛው ብዜት ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ብዜት ጋር እኩል ከሆነ ኪዩቢቶቹ ለየብቻቸው ሊገለጹ ይችላሉ። (0.707, 0, 0, 0.707) ላይ 0.5 እና 0 ይወጣል፤ እኩል ስላልሆኑ ኪዩቢቶቹ የተጠላለፉ ናቸው። በመስመር የሚያልቅ ፈተና ነው፣ ግን ለሁለት ኪዩቢት ብቻ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ለመሞከር ላፕቶፕና ፓይተን በቂ ናቸው። እያንዳንዱ ኮምፕሌክስ ቁጥር 16 ባይት ይይዛል፤ 30 ኪዩቢት 2³⁰ ቁጥሮች፣ ማለትም 16 ጊጋባይት ራም ይበላል። 8 ጊጋባይት ያለው ማሽን በ28 ማቆም አለበት፤ 29 ላይ የቁጥሮቹ ዝርዝር (ቬክተሩ) ብቻውን ራሙን ይሞላዋል። ግማሽ በግማሽ የሆነ ኪዩቢት 1000 ጊዜ ተለክቶ 0 የወጣው 484 ጊዜ ቢሆን ኮዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ወደ 16 የሚጠጋ መዋዠቅ የሚጠበቅ ነው። ኪስኪት የተባለውን የፓይተን የኳንተም ፕሮግራም መጻፊያ የሚጠቀም ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ውጤቱ ላይ በስተቀኝ ያለው አኃዝ የኪዩቢት 0 ነው፤ ሰሌዳ ላይ ከግራ ጀምሮ የለመደ ሰው ትክክለኛ መልሱን ስህተት መስሎት ሰዓታት ያባክናል።