ባዮዲዝል የትራክ ሞተር ይገድላል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ትራክ የሚነዱ ወገኖቻችን ሲገናኙ ከዘይት ወይም ከሞራ ስለሚሠራውና ከናፍጣ ጋር ስለሚቀላቀለው ነዳጅ፣ ስለ ባዮዲዝል፣ ብዙ ይባላል። አብዛኛው ልክ አይደለም፤ ሰውንም ላልሆነ ወጪ ይዳርጋል።

«እኔ ባዮዲዝል ቀድቼ አላውቅም።»
ሳታውቁት ቀድታችሁ ይሆናል። እስከ 5 በመቶ ባዮዲዝል የተቀላቀለበት ናፍጣ እንደ ተራ ናፍጣ ስለሚቆጠር ፓምፑ ላይ ምልክት ላይኖረው ይችላል። ከዚያ በላይ እስከ 20 በመቶ ሲሆን ሰማያዊ ምልክት ይለጠፍበታል። ሚኒሶታ ውስጥማ ከ2018 ጀምሮ በሞቃቶቹ ወራት በአብዛኛው የሚሸጠው ባለ 20 (20 በመቶ ባዮዲዝል ያለው) ነው። ብርዱ ሲገባ ወደ 5 ይወርዳል።

«ያው የምግብ ዘይት አይደል? ከሬስቶራንት ሰብስቦ መቅዳት ነው።»
ሞተር የሚገድለውስ ይሄ ነው። ባዮዲዝል ከዘይት ወይም ከሞራ ቢሠራም ዘይቱ ራሱ አይደለም። ከሜታኖል ጋር ተዋህዶ ግሊሰሪኑ ሲወጣለት ነው የሚቀጥነው። ጥሬ ዘይት ከናፍጣ አሥር እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር አድቅቆ ሊረጨው አይችልም። በደንብ ሳይቃጠል የቀረው ኢንጀክተሩ ጫፍና የፒስተን ፋሻው ላይ ይከስላል። እባካችሁ አትሞክሩት።

«ፊልትሮዬን ደፈነው፤ ነዳጁ ቆሻሻ ነው።»
ብዙ ጊዜ ቆሻሻው የራሳችሁ ሰርባቶዮ ነው። ባዮዲዝል የማሟሟት ጠባይ አለው። በናፍጣ ዘመኑን የፈጀ አሮጌ ትራክ ላይ ባለ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሲቀዳ፣ ሥር የተጋገረውን አንስቶ ፊልትሮው ላይ ይከምረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ትርፍ ፊልትሮ ይዛችሁ ውጡ፤ ቀድማችሁም ቀይሩ። ሰርባቶዮው ሲጠራ ችግሩም ይቆማል።

ካልቆመስ? የወጣውን ፊልትሮ አትጣሉት፤ ቆርጣችሁ ውስጡን እዩት። በብርድ ጊዜ ሰም የመሰለ ነጣ ያለ ነገር ከያዘና ሙቅ ቦታ ሲቆይ ከቀለጠ፣ ነዳጁ ረግቷል ማለት ነው። ጥቁር ልጋግ ከሆነ ደግሞ ውኃ ገብቶ ተህዋሲያን ሳይራቡበት አልቀሩም። ባዮዲዝል ከናፍጣ ይበልጥ ውኃ ይይዛል። የውኃ መለያውን ቶሎ ቶሎ አፍስሱ፤ ነዳጁንም ለወራት አታስቀምጡት።

«ብርድ ላይ አይሠራም።»
እንደ ምንጩና እንደ መጠኑ ነው። ናፍጣ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ የአኩሪ አተር ባዮዲዝል ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መደፍረስ፣ ማለትም ወደ መርጋት መሄድ፣ ይጀምራል። ከሞራ የተሠራው ግን ከ10 ዲግሪ በላይም ሊደፈርስ ይችላል። ባለ 5 ከተራው ናፍጣ ብዙም አይለይም።

«ጉልበት ይቀንሳል።»
ንጹሑ በሊትር 8 በመቶ ገደማ ያነሰ ኃይል አለው። ባለ 20 ላይ ልዩነቱ 1 ወይም 2 በመቶ ነው። የጎማ ንፋስ መጉደል ከዚህ በላይ ሊጎዳችሁ ይችላል።

«ጎሚኒ ይበላል።»
ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ትራክ ላይ፣ በተለይ ንጹሑ ሲቀዳ፣ እውነት ነው። የነዳጅ ቱቦው ካበጠ ወይም ካላበው ቀይሩት።

«ካሊፎርኒያ ያለው ሪኒዌብል ዲዝልም (ታዳሽ ናፍጣም) ያው ነው።»
አይደለም። እሱ በሃይድሮጅን የሚጣራ ነው፤ ተፈጥሮው ከናፍጣ ጋር አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ያለ ቅልቅል ብቻውን ሊቀዳ ይችላል፤ ሰርባቶዮም አያጥብም።