«ቴሌግራም ላይ በግማሽ ዋጋ አለ» እና ሌሎች የዋጋ ማወዳደር ስህተቶች

ሥራዬ ግዥ ነው። ቀኑን ሙሉ ፕሮፎርማ (ነጋዴ የሚሰጠውን የዋጋ ወረቀት) እሰበስባለሁ፣ አወዳድራለሁ፣ ከነጋዴ ጋር እከራከራለሁ። ይህን የሚያውቅ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ማታ ማታ ስክሪንሾት ይልክልኛል። አንዱ ፎቶ የትልቅ አስመጪ ድረ ገጽ ነው፤ ሌላው የአንድ ቴሌግራም ቻናል። ከሥሩ «አየሽ እንዴት እንደሚዘርፉን?» ይላል።

ሰልችቶኛል። ለትልልቆቹ ጥብቅና ልቆም አይደለም፤ እኔም ከትንንሽ ሻጮች ብዙ እገዛለሁ። ያስመረረኝ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «አወዳደርኩ» ማለት ነው። መሥሪያ ቤት ፕሮፎርማ ሲመጣ የምናየው ዋጋውን ብቻ አይደለም። የዕቃው ስፔሲፊኬሽን፣ ቫት መካተቱ፣ የማስረከቢያ ጊዜው፣ ዋስትናው፣ ዋጋው የሚጸናበት ቀን አብረው ይታያሉ። አንዱ ከጎደለ ወረቀቱ ይመለሳል። ለመሥሪያ ቤት ገንዘብ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው፣ የራሱን ደመወዝ ሲያወጣ በአንድ ፎቶ ይወስናል።

«ያው ላፕቶፕ ነው፤ ልዩነቱ ግን 20 ሺህ ብር!»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህኛው ነው። ያው አይደለም።

ቴሌግራም ላይ «ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ራም፣ 256 ኤስኤስዲ» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። ትልቁ ሱቅም ድረ ገጹ ላይ «ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ራም፣ 256 ኤስኤስዲ» ብሏል። ስለዚህ አንድ ናቸው ትላላችሁ። ኢንቴል ግን አይ ፋይቭ የሚባለውን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) መሸጥ የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ጀነሬሽን (ትውልድ) ባወጣ ቁጥር ለዓመታት ያንኑ ስም ይዞ ቀጥሏል። ዋጋውን የሚወስነው ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። 6200 ካለ ስድስተኛ ጀነሬሽን ነው። 8250 ካለ ስምንተኛ፣ 1235 ካለ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ። በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው መካከል ሰባት ዓመት ያህል አለ። ማስታወቂያው ግን ሁሉንም «አይ ፋይቭ» ብሎ ያልፋቸዋል።

ይህ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት ማሻሻያውን ጭምር) ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። ስለዚህ በርካሽ የተገዛው ስድስተኛ ጀነሬሽን ገና ከቤት ሲገባ ጊዜው ያለፈበት ነው።

የአጎቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲል እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ላከልኝ። «ስላይትሊ ዩዝድ፣ እንደ አዲስ» ይላል። ሻጩን «ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አባውት የሚለውን ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» በለው አልኩት። ሻጩ መጀመሪያ አንገራገረ፤ ማታ ላይ ላከ። 6200። ልጁ በመጨረሻ የገዛው ከሌላ ትንሽ ሻጭ ነው። አሥራ አንደኛ ጀነሬሽን፣ ዋጋውም በዚያ ማስታወቂያና በትልቁ ሱቅ መሃል። ይህ ሁለተኛው ሻጭ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የባትሪውን ሁኔታና የስክሪኑን ጭረት ሳይጠየቅ ጽፎ ነበር። ጥሩ ትንሽ ሻጭ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጉድለቱን ራሱ ይነግራችኋል።

ስልክም ያው ነው። ፓክድ (ያልተከፈተ አዲስ) ነው ወይስ ዩዝድ? የመያዝ አቅሙ 128 ጊጋ ነው ወይስ 256? ዕቃው እጃችሁ ሲገባ *#06# ደውሉና የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። የማይገጥም ከሆነ ገንዘብ አትልቀቁ።

«ኪራይ ስለማይከፍሉ ርካሽ ናቸው»

ሲሰሙት ልክ ይመስላል። አንዳንዱ ላይም ልክ ነው። ግን ብዙዎቹ ቻናሎች ሱቅ አላቸው፤ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ መገናኛ ወይም መርካቶ አንዱ ሕንፃ ላይ ናቸው። ኪራዩን እንደማንም ይከፍላሉ። ሱቅ ከሌላቸው መካከል ደግሞ ዕቃም የሌላቸው ሞልተዋል። አየር በአየር ነው የሚሠሩት። የሌላውን ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ስትደውሉ «ቆይ መኖሩን ላረጋግጥ» ብለው ባለ ዕቃው ጋ ይደውላሉ። ትርፋቸውን የሚጭኑት በባለ ሱቁ ዋጋ ላይ ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ብሌንደር ልትገዛ የአራት ቻናል ፎቶ ላከችልኝ። አራቱም ላይ ያው ሰማያዊ ጠረጴዛ፣ ጥጉ የተቀደደ ያው ካርቶን፣ ካርቶኑን የያዘ ያው አውራ ጣት። ዋጋው ግን አራት ዓይነት። ሁሉንም «አሁን በቪዲዮ አንሥታችሁ ላኩልኝ» አለቻቸው። ወዲያው የላከው አንዱ ብቻ ነው። ዋጋውም ከሁሉም ዝቅተኛው ነበር፤ ባለ ዕቃው እሱ ነዋ። ከትንንሽ ሻጭ ስትገዙ ይህቺን ቪዲዮ ሳታዩ ቀብድ እንዳትልኩ።

«ደረሰኝ ምን ያደርግልኛል?»

በዋጋ ከተስማማችሁ በኋላ «ደረሰኝ እፈልጋለሁ» በሉ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» የሚል ነው። የሚጨመረው 15 በመቶ ቫት ነው። 40,000 ብር የተባለው ዕቃ 46,000 ይሆናል። ትልቁ ድርጅት ከመጀመሪያውኑ ቫቱን ጨምሮ 45,500 ብሎ ከነበረ፣ ርካሹ እሱ ነው። ስክሪንሾቱ ላይ ግን በ5,500 ብር የተወደደ መስሎ ይታያል። በተገላቢጦሹ «ከቫት በፊት» የሚለውን በደቃቅ ፊደል የሚጽፍ ትልቅ ድርጅትም አለ። ሁለቱንም «ቫትን ጨምሮ፣ በደረሰኝ፣ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ሸማቹ ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲገጥመው ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ የማለት መብት አለው። መብቱን የምትጠይቁት ግን ከማን እንደገዛችሁ ስታሳዩ ነው። ስሙን ቀይሮ ብሎክ ያደረጋችሁን ቻናል ይዛችሁ የትም አትደርሱም።

«ዋጋ በውስጥ መስመር የሚሉት ተፎካካሪ እንዳያይባቸው ነው»

ተፎካካሪውማ ደንበኛ መስሎ ይጠይቃል። የሚከለከለው የእናንተ ማወዳደር ነው። ይኸው አዋጅ ዋጋ በግልጽ እንዲታይ ይላል። እኔ ዋጋ ያልጻፈ ቻናል አልጠይቅም፤ አልፈዋለሁ።

«ሼይን ላይ እኮ 12 ዶላር ነው!»

እዚህ ላይ ለትንንሾቹ ሻጮች እከራከራለሁ። በቴሌግራም ቀሚስ የምትሸጥ ልጅ «ሌባ» ስትባል ማየት ያመኛል። ሼይን የኦንላይን ልብስ መሸጫ ነው፤ 12 ዶላሩ ዕቃው ሌላ አገር ቁም ሣጥን ውስጥ ሲገባ ነው። እሷ ውጭ አገር ካርድ ያለው ሰው ፈልጋ ታስከፍላለች፤ ለእሱም ትከፍላለች። ዶላሩን የምታገኘው ሰው በሚሸጥላት ዋጋ ነው። ዕቃው በሰው ሻንጣ ይመጣል፤ ሻንጣ ደግሞ በኪሎ ይከፈልበታል። ጉምሩክ አለ። ልኩ ያልሆነው ቀሚስ ተመልሶ አይሄድም፤ እሷው ጋ ይቀራል። ይህን ሁሉ ደምራችሁ አሁንም ከበዛባችሁ አትግዙ። ሳትደምሩ ግን አትሳደቡ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «እዚህ 100 ዶላር ነው» ሲላችሁም ያው ነው። እዚያ የሚለጠፈው ዋጋ በአብዛኛው የሽያጭ ታክስን አይጨምርም። ታክሱ ሲከፈል ይደመራል፤ መጠኑም እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል።

እዚያ የምትኖሩትም ስለ አማዞን የምትሉት ሁሉ ልክ አይደለም። አማዞን ላይ ከሚሸጠው ዕቃ ከግማሽ በላዩን የሚሸጡት ሌሎች ነጋዴዎች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው። በብዙ የዕቃ ዓይነቶች ላይ አማዞን 15 በመቶ ያህል ኮሚሽን ይወስድባቸዋል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣችሁ በርበሬ ወይም የጤፍ ዱቄት ስታዙ፣ ያው ሻጭ የራሱ ድረ ገጽ እንዳለው እዩ። እዚያ ዋጋው ሊቀንስ ይችላል፤ የመላኪያ ክፍያ ግን ይኖረዋል። የአማዞን «ነፃ» መላኪያም ሁልጊዜ ነፃ አይደለም፤ ነፃ መላኪያ ለሚያስገኘው የፕራይም አባልነት በዓመት 139 ዶላር ይከፈላል። የሁለቱን ጠቅላላ ክፍያ ለክብደቱ በፓውንድ አካፍላችሁ አወዳድሩ። ከረጢቱን በዓይን አትመኑ።

«ትናንት እኮ በዚህ ዋጋ አይቼዋለሁ»

የፖስቱን ቀን አይታችኋል? ቴሌግራም ላይ ስትፈልጉ የዓመታት ማስታወቂያ አብሮ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የተለጠፈ የስልክ ዋጋ ይዞ ሱቅ ሄዶ የሚጨቃጨቅ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

«50 በመቶ ቅናሽ ላይ ነው»

ቻናሉ ውስጥ ገብታችሁ የዕቃውን ስም ፈልጉ። ባለፈው ወር በስንት እንደለጠፈው ይወጣል። ፖስቱ ታርሞ ከሆነ ቴሌግራም ራሱ ምልክት ያደርግበታል። ትልልቆቹ ድረ ገጾች ላይ ግን የቆየውን ዋጋ በራሳችሁ ካልያዛችሁ አታገኙትም። ስለዚህ ልትገዙ ያሰባችሁትን ዕቃ ከበዓል በፊት ስክሪንሾት አንሥታችሁ አስቀምጡ። በገና ዋዜማ ተሰርዞ የሚታየው «የድሮ ዋጋ» በኅዳር ተጠይቆ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

«200 ሺህ ተከታይ ያለው ትልቅ ድርጅት ነው»

አይደለም። ተከታይ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው።

«ትልቁ ፓኬት ይረክሳል»

አንዳንዴ። ዳይፐር የሚሸጠው በፓኬት ቢሆንም የምትጠቀሙት በፍሬ ነው። 44 ፍሬው 1,200 ብር፣ 60ው 1,500 ብር ቢባል፣ አንዱ ፍሬ በትንሹ ፓኬት 27 ብር ገደማ፣ በትልቁ ፓኬት 25 ብር ይወጣል። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ።

«ዴሊቨሪ ነፃ ነው»

ለቦሌ ነፃ የሆነው ለጀሞ ወይም ለአያት ነፃ ላይሆን ይችላል። ሐዋሳና ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ በአውቶቡስ የሚላክበትን ጨምሩ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ዕቃውን ከፍቼ ሞክሬ ካልፈለግኩት ማን ነው የመመለሻውን የሚከፍለው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ የለም።

«ኦንላይን ላይ ዋጋ መከራከር አይቻልም»

ማን አለ? ትልቁ ድርጅት የተለጠፈውን አይነካ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ፍሬ የምትገዙ ከሆነ ግን ለሽያጭ ክፍሉ ደውላችሁ ጠይቁ። ትንሹ ሻጭ ዋጋውን እንቢ ቢል እንኳ ማድረሻውን ይተውላችኋል፤ ወይም ላፕቶፑ ላይ ቦርሳና ማውስ ይጨምራል።