የሌሊት ላብ ምንድን ነው? ልምምድ ሲከብድስ እንቅልፍ ለምን ይሸሻል?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነቃሁ። ቲሸርቴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ትራሱ አንገቴ ስር ርሷል። መስኮቱ ገርበብ ብሎ የጥቅምት ብርድ ይገባል፤ ስለዚህ ክፍሉ ሞቆ አይደለም። ቲሸርት ቀየርኩ፣ ትራሱን ገለበጥኩና ተመልሼ ተኛሁ። ልቤ ግን ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታ ነበር። 11 ሰዓት ላይ አላርሙ ሲጮህ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነበር።

ያኔ ለታላቁ ሩጫ እየተዘጋጀሁ ነበር። ውድድሩ ኅዳር ላይ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር። ሰዓቴን ለማሻሻል ብዬ በሳምንት ሦስት ቀን ስፒድ (የፍጥነት ልምምድ)፣ እሁድ ደግሞ ረጅም ሩጫ አስገብቼ ነበር። ያ ሌሊት ብቻውን ቢሆን እረሳው ነበር። ግን በሳምንት ሦስቴ አራቴ ይመላለስ ጀመር።

ሐኪሞች የሌሊት ላብ የሚሉት ክፍሉ ሳይሞቅ፣ ልብሱም ሳይደራረብ፣ የለበስነውና አንሶላው እስኪርስ ድረስ ሲያልበን ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ማላብ እዚህ ውስጥ አይገባም። የሌሊት ላብ በራሱ በሽታ ስላልሆነ፣ የምን ምልክት እንደሆነ መፈለግ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ጤነኛውን ሌሊት እንየው። ሲመሽ ሰውነት ራሱን ያቀዘቅዛል። አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው እሱ ነው። መኝታ ሲቃረብ ወደ እጅና እግር ቆዳ ብዙ ደም ይሄዳል፣ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል፣ የውስጥ ሙቀታችንም ቀስ እያለ ይወርዳል። እንቅልፍ የሚይዘን ይሄ ቁልቁለት ላይ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከባድ ስፒድ ሠርቶ 3 ሰዓት ላይ የሚተኛ ሰው ቁልቁለቱን ገና አልጀመረም። ሰውነቱ ትኩስ ነው፣ ልቡም አልተረጋጋም።

ሰዓቱ ብቻ ቢሆን ማስተካከሉ ቀላል ነበር። እኔ ግን የምሠራው ጠዋት ነው። ታዲያ ላቡ ከየት መጣ?

ለሩጫ፣ ለጠብ፣ ለድንጋጤ የሚያነሳሳን አንድ የነርቭ ሥርዓት አለ። ሲምፓቴቲክ ይባላል። ልብን የሚያፈጥነው፣ አድሬናሊን የሚያስረጨው እሱ ነው። የላብ ዕጢዎችንም የሚያዘው ይኸው ሥርዓት ነው። ሳምንታት ሙሉ ሲቀሰቀስ የከረመ ሰውነት ማታ ላይ እረፍ ቢሉት እሺ አይልም። መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ግን አልጠፋም። እግር ዝሎ ዓይን አልከደን የሚለው ለዚህ ነው።

ምግብም አለ። እኔን የያዘኝ በዋናነት እሱ ይመስለኛል። ጉበትና ጡንቻ ስኳርን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያጠራቅማሉ። ከባድ ልምምድ ይህን ጎተራ ያራቁተዋል። ማታ በቂ ሳንበላ ከተኛን፣ ሌሊቱን ሙሉ ለደም ስኳር ማቅረብ ያለበት ጉበት እጅ ያጥረዋል። ሰውነት ያኔ የተረፈውን ስኳር ከጎተራው ለማስወጣት አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። አድሬናሊን ሲመጣ ደግሞ ላብ፣ የልብ ምትና ንቃት ይዞ ነው። እኔ ስነቃ ሆዴ ይንጫጫ ነበር። ክብደት ልቀንስ ብዬ እራት በሰላጣ ብቻ አልፍ ነበርና። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ያን ዓመት ግን አልሰማሁትም።

ጾም ላይ የሚሮጡ ብዙ ሰዎች አሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ አጭር ጊዜ አይደለም። ጾሙን ተው የሚል ምክር የለኝም። ግን ከጾሙ ሰዓት በኋላ የሚበላው መብዛት አለበት፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሩዙ፣ በሶው። እሱ ካልሆነ ስፒዱ ይቀንስ። ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ይዤ እዘልቃለሁ ማለት ሰውነትን ይጎዳል። ሴት ሯጮች ላይ የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት አንዱ የምግብ ማነስ ምልክት ነው። «ስለምሮጥ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ልምምዱ ከእረፍቱና ከምግቡ ሲበልጥ የሚደርሰው ችግር ስም አለው፤ ኦቨርትሬይኒንግ ይባላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የስፖርት ሳይንስ ኮሌጅና የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በጋራ ባወጡት ሰነድ ድካሙን በደረጃ ለይተውታል። የመጀመሪያው ጤነኛ ነው። ከባድ ሳምንት ያልፋል፣ ትደክማለህ፣ ጥቂት ቀን ታርፋለህ፣ ከበፊቱ ጠንክረህ ትመለሳለህ። ሁለተኛው ላይ ፍጥነትህ ይወርዳል፣ ለመመለስም ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። ሦስተኛው ዋናው ኦቨርትሬይኒንግ ነው፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የእንቅልፍ መበላሸት ቀድመው ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ቁርጡን የሚናገር አንድ የደም ምርመራ ግን የለም። ሐኪሙ ሌሎች በሽታዎችን አንድ በአንድ አውጥቶ ነው እዚህ የሚደርሰው።

በጣም የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ የምናደርገው ነገር ነው። ኮንዲሽን ሲወርድ «ስለሰነፍኩ ነው» እንላለን። ከዚያ እንጨምራለን። እኔም ጨምሬያለሁ። ላቡም አብሮ ጨመረ። ጡንቻን ከሚጠግኑት ነገሮች አንዱ የሆነው የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው በከባዱ እንቅልፍ ውስጥ ነው፣ በተለይ በሌሊቱ መጀመሪያ። እንቅልፍ የሌለው ሰው ስፒድ ሲጨምር የልምምዱን ድካም ያገኛል፣ ጥቅሙን ግን አያገኝም።

እኔን የረዳኝ ደብተር ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ አንድ ደቂቃ እቆጥራለሁ። በደህናው ጊዜ 54 ነበር። በዚያ ጥቅምት 62፣ 63 ይል ነበር። ለብዙ ቀናት እንዲህ ከፍ ካለ ያን ቀን ዱብ ዱብ ብቻ፣ ወይም ጭራሽ እረፍት። አራት ቀን ሙሉ አረፍኩ። ስፒዱን በሳምንት አንድ አደረግኩ። እራት ላይ እንጀራውን መለስኩ፣ ከመኝታ በፊት አንድ ስኒ አጥሚት ጨመርኩ። ቡናንም ከምሳ ወዲህ ተውኩ። ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ ወደ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣች ስኒ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሿ አለች። በሁለተኛው ሳምንት ቲሸርቴ ደርቆ ማደር ጀመረ።

ከውጭ አገር ለእረፍት መጥታችሁ እንጦጦ ላይ ለምትሮጡ አንድ ነገር ልበል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ትንፋሹ እየተቆራረጠ በየመሀሉ ሊነቃ ይችላል። ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

አሁን ደግሞ በጣም አጥብቄ የምናገረው። ላብን ሁሉ በልምምድ አታመካኙ። አብሮኝ የሚሮጥ አንድ ልጅ ነበር። ሌሊት ያልበዋል፣ ክብደቱ ቀንሷል፣ ያስላል። «ልምምዱ ነው፣ ብርዱ ነው» ይል ነበር፣ እኛም እንደሱ እንል ነበር። መቅጠኑን እንኳ «ኮንዲሽን ገባ» ብለን አድንቀንለታል። ሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያልታሰበ የክብደት መቀነስ፤ የቲቢ ምርመራ ላይ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። አክታ መስጠት ነው፣ አያምም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፣ በተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወሰዳል። ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው ወባንም ያስብ። ያበጠ እጢ አንገት ወይም ብብት ስር ካለ፣ እጅ የሚንቀጠቀጥና ልብ በፍጥነት የሚመታ ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ይህንንም ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ላብ ያመጣሉና።

አንድ ሳምንት አርፋችሁ፣ በደንብ በልታችሁ፣ ላቡ ካልቀነሰ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሳል ወይም ትኩሳት ካለ ሳምንቱንም አትጠብቁ። ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ፤ ስንት ሌሊት እንዳላበ፣ ክብደቱ ስንት እንደነበረና አሁን ስንት እንደሆነ። ያ ልጅ እነዚህን ሲጠየቅ አንዱንም አላስታወሰም። መድኃኒቱን ጨርሶ አሁን ጠዋት ጠዋት ዱብ ዱብ ጀምሯል።