ቅንጨ አረም ምንድን ነው? ሳያብብስ በምን ይለያል?

ወሎ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አፈር የተገለበጠበትን ቦታ ልብ ብላችሁ እዩ። መሠረት ተቆፍሮ ግንባታው የቆመበት ግቢ፣ ለቱቦ ተቆፍሮ የተደፋ አፈር፣ የአስፋልት ዳር፣ ከብት ረግጦ የጨረሰው ግጦሽ። ዝናብ ጠብ ባለ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለምለም ይሆናል። ልምላሜው ግን ብዙ ጊዜ ከብት አፉን የማያሳርፍበት ነው። ይህ ተክል ፓርቴኒየም ነው። እኛ ቅንጨ አረም እንለዋለን፤ ሐረርጌ ላይ ፋራምሲሳ ይሉታል።

አገሩ እዚህ አይደለም፤ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያና ከደቡብ አሜሪካ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ድሬዳዋና ሐረርጌ ላይ ነው። ቀጥሎ በደሴና በወልዲያ አካባቢ ተገኘ። ወደ ወሎ የገባው በ1977ቱ ድርቅ ከመጣው የእርዳታ እህል ጋር ሳይሆን አይቀርም የሚለው ግምት ሰፊ ተቀባይነት አለው። ለምሥራቁ ደግሞ የጦር ተሽከርካሪዎችም ይጠረጠራሉ።

ብዙ ሰው ቅንጨን የሚያውቀው በነጭ አበባው ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ አበባው ሲታይ ጊዜው አልፏል። መለየት ያለበት መሬት ላይ ተለጥፎ ሳለ ነው። ያኔ ግንድ የለውም። ቅጠሎቹ ከአንድ ማዕከል ተነስተው ክብ ሠርተው ይተኛሉ። እያንዳንዱ ቅጠል እንደ ካሮት ቅጠል ጠለቅ ብሎ የተሸነሸነ ነው፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ላዩም ስስ ጠጉር ያለው። ከአሪቲ ጋር ሊምታታ ይችላል። ግን የወሎ ሰው አሪቲን በሽታው ያውቀዋል። ቅንጨ ያ መዓዛ የለውም፤ የአሪቲን ብርማ መልክም አታገኙበትም።

ከዚያ ግንዱ ይወጣል። ከላይ እስከ ታች ሸንተረር አለው፤ ወደ ጫፉ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከተመቸው ሁለት ሜትርም ይጠጋል። አበባው በጣም ትንሽ ነው፣ ወደ 4 ሚሊ ሜትር። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት አምስት ማዕዘን ያለው ይመስላል። ቢጫ አበባ ካያችሁ ሌላ ተክል ነው።

ዕድሜው ከዓመት አያልፍም፤ ይህ ግን አያዘናጋ። በበቀለ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ያብባል። አንዱ ተክል 15,000ና ከዚያም በላይ ዘር ይሰጣል። አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ደግሞ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ሙቀት ስለሚወድ ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻና ሐርቡ ይመቹታል። ደጋ ነን ብሎ መኩራት ግን አያዋጣም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የሚወጣው አሸዋ ጫኝ መኪና ጎማው ላይ ምን ዓይነት ጭቃ ይዞ እንደሚወጣ ማን ያያል?

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ውስጡ ያለው ፓርቴኒን የሚባል ንጥረ ነገር ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል። ብናኙ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል። የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። ማሽላ ላይ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ በተደረገ ጥናት ካልታረመ ምርቱን ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሷል።

እንግዲህ ንቀሉት፤ ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ሲላላ፣ ከነሥሩ። በማጭድ ማጨድ ሞኝነት ነው፤ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ባዶ እጃችሁን አትንኩት። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ፣ እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። አብቦ ከደረሳችሁበት መንገድ ዳር አትጣሉት፤ ለኮምፖስትም ለከብት ጉዝጓዝም አይሁን። ቅጠሉን የምትበላው ዚጎግራማ የምትባል ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2016 ወለንጭቲ አካባቢ ተለቃ ነበር። ጥሩ አጋዥ ናት፤ የናንተን ግቢ ግን አታርምላችሁም።

ከነቀላችሁ በኋላ መሬቱን ባዶ አትተዉት። ሳር ዝሩበት ወይም ሌላ ነገር አልብሱት፤ ቅንጨ የሚፈልገው ራቁቱን የቀረ አፈር ነው።