የዲኤስኤል ኢንተርኔትና የመስመሩ አቅም፦ ድሬዳዋና ሐረር

ዲኤስኤል ለስልክ ንግግር ተብሎ በተዘረጋ የመዳብ ጥንድ ሽቦ ላይ የሚሄድ ኢንተርኔት ነው። ንግግር የሚይዘው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለው ለዳታ ይውላል፤ ኤዲኤስኤል በሚባለው የተለመደ ዓይነት እስከ 1.1፣ በተሻሻለው ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ድረስ። ይህ ስፍራ 4.3125 ኪሎኸርዝ ስፋት ባላቸው ጠባብ ቻናሎች ይከፈላል። ሞደሙ ሲነሳ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ይፈትሽና ቢበዛ እስከ 15 ቢት ይጭንባቸዋል፤ ጩኸት፣ ማለትም ምልክቱን የሚረብሽ የኤሌክትሪክ ሁከት፣ የበዛበት ቻናል ባዶውን ይቀራል። የመስመሩ ፍጥነት የነዚህ ድምር ነው። የሚከፈልበት ፓኬጅ ጣሪያውን ብቻ ነው የሚወስነው፤ ጣሪያው ላይ መድረስ አለመድረስ የሽቦው ጉዳይ ነው።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1894 አካባቢ በተጀመረው፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ባገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። ዛሬ ረጅሙ መንገድ በፋይበር ስለሚታለፍ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው ከካቢኔት፣ ማለትም ከሠፈሩ የስልክ መስመር ማከፋፈያ ሳጥን፣ እስከ ቤት የቀረው መዳብ ነው።

ርቀቱ

የኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 24 ሜጋቢት ነው፤ ይህ ግን ካቢኔቱ አጠገብ ላለ ቤት ነው። በደህና ሽቦ በ1 ኪሎ ሜትር 20 ገደማ፣ በ3 ኪሎ ሜትር 8 ገደማ፣ በ5 ኪሎ ሜትር 2 ሜጋቢት ወይም ከዚያ በታች ይጠበቃል። ቪዲኤስኤል 2 የሚባለው አዲሱ ዓይነት በቅርብ ርቀት እጅግ ይፈጥናል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በኋላ ግን ብልጫው ይጠፋል። ርቀቱ የሚለካው በገመዱ መንገድ ነው። ድሬዳዋ ላይ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በእግር አቋርጦ ከከዚራ ሠፈር መጋላ መድረስ የደቂቃዎች ጉዳይ ቢሆንም ገመዱ ዞሮ ሊመጣ ይችላል።

ሞደሙ የሚናገረው

ከመገመት በፊት ቁጥሮቹን ማየት ይሻላል። በብዙዎቹ ሞደሞች ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ተጽፎ ሲገባ የዲኤስኤል ስታተስ ገጽ ይገኛል። አቴኑዌሽን የሚለው ምልክቱ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ ያሳያል፤ በግርድፉ አንድ ኪሎ ሜትር 14 ዴሲቤል ያህል ይበላል። ከ30 በታች ጥሩ ነው፤ ከ60 በላይ ከሆነ መስመሩ በጭንቅ ነው የሚሠራው። ኤስኤንአር ማርጂን ምልክቱ ከጩኸቱ በላይ ያለው ትርፍ ነው። የተለመደው ዒላማ 6 ዴሲቤል ሲሆን ከዚያ እየወረደ ሲሄድ ኢንተርኔቱ መቆራረጥ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ሁለት ፍጥነቶችን ማስተያየት ነው። በዚያው ገጽ ላይ መስመሩ ይችላል የተባለው ፍጥነት 11,000 ኪሎቢት ሆኖ የተያዘው፣ ማለትም ሞደሙ አሁን የሚሠራበት፣ 4,096 ከሆነ የገደበው ፓኬጁ ነው፤ መፍትሔውም ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት ብቻ ነው። ሁለቱ ተቀራርበው ሁለቱም ከፓኬጁ በታች ከሆኑ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው፤ ፓኬጅ ማሳደግ ገንዘብ ማባከን ይሆናል። በ4,096 የተያዘ መስመር ስፒድ ቴስት ላይ 3.5 ሜጋቢት አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው፤ ቀሪው ለዳታው ማሸጊያ ይሄዳል። ፋይል ሲወርድ በሰከንድ 430 ኪሎባይት መታየቱም ያው ፍጥነት ነው፤ ባይት 8 ቢት ነውና። የተያዘው ፍጥነት ሳይለወጥ ማታ ማታ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ከካቢኔቱ ወዲያ ያለው መንገድ ተጨናንቋል፤ ቤት ውስጥ የሚነካካ ነገር የለም።

ሙቀት፣ ውሃ፣ ግድግዳ

መዳብ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ በአንድ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፀሐይ ላይ የተንጠለጠለ የድሬዳዋ ገመድ ከሌሊት ወደ ቀን በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ለውጡ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል፤ ማርጂኑ ቀድሞውንም 6 እና 7 ላይ ለቆመ መስመር ቀላል አይደለም። ሞደሙ ራሱም አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው እስከ 40 ዲግሪ ላለ ክፍል ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ ዳንቴል ተደርቦበት ሲቀመጥ ከቀትር በኋላ እየጠፋ ቢነሳ አይገርምም። ዳንቴሉን ማንሳት ከሁሉም ርካሹ ጥገና ነው።

ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚዘገይ መስመር መጋጠሚያው ውስጥ ውሃ ገብቷል። የስልኩን እጀታ አንስቶ አንድ ቁጥር ተጭኖ ማዳመጥ ነው፤ ፍንጥር ፍንጥር የሚል ድምፅ ካለ መጋጠሚያው ዝጓል ወይም ረጥቧል። ስልኩ ጭራሽ ሞቶ ኢንተርኔቱ እየጎተተ ከሠራ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ዲኤስኤል አንዳንዴ በአንድ እግሩም ያነክሳል።

ቤት ውስጥ ገመዱ በመጀመሪያ የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት በሚለየው ትንሽ ሳጥን፣ በስፕሊተሩ ላይ "ላይን" በሚለው ቀዳዳ ይገባል፤ ስልክና ሞደም ከዚያ በኋላ በየቀዳዳቸው ይሰካሉ። ከስፕሊተሩ በፊት ተቀጥሎ ወደ ሌላ ክፍል የተወሰደ ስልክ፣ ጫፉ ባዶ የቀረ አሮጌ ቅጥያም ቢሆን፣ ምልክቱን መልሶ እያንጸባረቀ ፍጥነት ይቀንሳል። ያልተጠማዘዘ ጠፍጣፋ የስልክ ሽቦ 20 ሜትር ከመሳብ ሞደሙን መግቢያው ላይ አድርጎ የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ይሻላል፤ እሱ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ርካሽ ቻርጀርና ስታቢላይዘርም ከሞደሙ ይራቁ፤ ጩኸት ይለቃሉ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ግን መስመሩን ከመውቀስ በፊት ዋይፋዩን መጠርጠር ይገባል። የቤቶቹ የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ በተለይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ሁለተኛው ክፍል ሳይደርስ ያልቃል፤ 2.4ቱ ትንሽ ይሻላል። ላፕቶፕ በገመድ ሞደሙ ላይ ተሰክቶ ሲለካ ፍጥነቱ ከተስተካከለ መስመሩ ነፃ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞደሙ መስመሩን እንደ አዲስ ይለካል፤ በአብዛኛው በዚያች ደቂቃ በያዘው ፍጥነት ይቆያል። ጩኸት በበዛበት ሰዓት ተነስቶ ዝቅ ብሎ ከያዘ ቆየት ብሎ አንድ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት በቂ ነው። በየሰዓቱ ማጥፋት ግን አይረዳም።

ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ሲደወል "ይዘገያል" ከማለት አቴኑዌሽኑን፣ ማርጂኑንና የሚቆራረጥበትን ሰዓት መንገር ጥገናውን ያፋጥናል። መጋጠሚያ ማደስ፣ ወደ ሌላ ነፃ ጥንድ ማዛወር፣ ለሚቆራረጥ መስመር የማርጂን ዒላማውን ከ6 ወደ 9 ከፍ ማድረግ ሊጠየቁ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ የመጨረሻው ፍጥነት ቀንሶ እርጋታ ይሰጣል። አቴኑዌሽኑ 55 እና 60 የሆነ፣ ማርጂኑም ደህና የሆነ መስመር ግን ብልሽት የለበትም፤ ርቆ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ሠፈሩ ፋይበር ከደረሰው ፋይበር፣ ካልደረሰው የሞባይል ኢንተርኔት ይሻለዋል።