የጨለቆቷ ወፍ፦ የሃልሲዮን ቼሊኩቲ ቼሊኩቲ የስም አወጣጥ ታሪክ

ሃልሲዮን ቼሊኩቲ ቼሊኩቲ የባለ መስመር ዓሣ አጥማጅ ወፍ ንዑስ ዝርያ ነው። ዝርያው ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ሲኖሩት በስም ቀዳሚው ይኸኛው ነው። ስሙ የተገኘው በትግራይ፣ በእንደርታ፣ ከመቐለ በስተደቡብ ከምትገኘው ከጨለቆት ነው። ወፉ ከሴኔጋልና ከጋምቢያ እስከ ኤርትራና ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ናሚቢያ፣ ቦትስዋናና የደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምሥራቅ ድረስ ይኖራል። በዳካርም ሆነ በዊንድሁክ የሚኖር የአእዋፍ አጥኚ ይህን ወፍ በላቲን ስሙ ሲጠራ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የጨለቆትን ስም እየጠራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ወፉ ራሱ ጥቂት ማለት ይበቃል። ርዝመቱ ከ16 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አናቱና ደረቱ ቡናማ ሰረዝ የበዛባቸው ሲሆኑ ወገቡ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊው ደምቆ የሚታየው ሲበር ነው። ስሙ ዓሣ አጥማጅ ይሁን እንጂ ኑሮው ከውኃ ዳር አይደለም። ደረቅ ቁጥቋጦና ግራር ባለበት ሜዳ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ፌንጣና ሌሎች ነፍሳትን ይጠብቃል። እንቁላሉን የሚጥለውም ግንደ ቆርቁርና መሰሎቹ ፈልፍለው በተዉት የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ባልና ሚስቱ ዛፍ ጫፍ ላይ ፊት ለፊት ቆመው ክንፋቸውን እየዘረጉና እየሰበሰቡ በዜማ ሲቀባበሉ ማየት የተለመደ ነው።

ጨለቆትና ራስ ወልደ ሥላሴ

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መጀመሪያ የጎንደር ነገሥታት ሥልጣን ተዳክሞ፣ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ሆኖ ሳለ፣ ትግራይን የያዙት የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። ራስ ወልደ ሥላሴ መቀመጫቸውን በሕንጣሎና በጨለቆት አድርገው ነበር። የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም የእርሳቸው ሥራ ነው። ከቀይ ባሕር የሚመጣ የውጭ ሰው ሁሉ በግዛታቸው ሳያልፍ ወደ መሀል አገር መዝለቅ ስለማይችል፣ ጨለቆት ትንሽም ብትሆን ለአውሮፓ መንገደኞች የኢትዮጵያ ደጃፍ ነበረች ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከታሪክ አልጠፋችም። በ1868 ከመቅደላ ውድቀት በኋላ የሞቱት የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ የተቀበሩት በዚችው በጨለቆት ነው።

ወፉን ለሳይንስ ያበቃው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። በ1780 የተወለደው ሶልት ሙያው ሥዕል ነበር። ወደ ምሥራቅ የወጣውም የእንግሊዛዊው መኳንንት ተጓዥ የሎርድ ቫለንሺያ ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ ነው። በ1805 ቫለንሺያ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ላከው። ሶልት ራስን በሕንጣሎ አግኝቶ፣ አክሱምን አይቶ ተመለሰ። በአክሱም የዐፄ ኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ መገልበጡ እስከ ዛሬ በታሪክ ሰዎች ዘንድ ያስመሰግነዋል። አብረውት ከመጡት አንዱ፣ ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ቀርቶ ለብዙ ዓመታት በትግራይ ኖሯል።

ለወፋችን ዋናው የሁለተኛው ጉዞ ነው። በ1809 የብሪታንያ መንግሥት ሶልትን ለንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤና ስጦታ አስይዞ ላከው። ሶልት በ1810 መጀመሪያ ምጽዋ ደረሰ። ይሁን እንጂ በጊዜው በነበረው ጠብ ምክንያት ወደ ጎንደር መሄድ አልሆነለትም። ስጦታውን ለራስ ወልደ ሥላሴ አስረክቦ በጨለቆት ሰነበተ። ከስጦታው ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነው፣ የእመቤታችን ሥዕልና ባለ ቀለም መስታወት፣ ለጨለቆት ሥላሴ ዋለ። ጎንደር ቢገባ ኖሮ ወፉ ዛሬ የማንን ስም ይዞ እንደነበር ማን ያውቃል! ሶልት ከፖለቲካው ጎን ዕፅዋትንና አራዊትን ይሰበስብ ነበር፤ የወፎቹንም ቆዳ አድርቆ ይዞ ተመለሰ። ያቺ ትንሽ የቆላ አጋዘን፣ ሳይንስ ማዶኳ ሳልቲያና የሚላት ድክድክ፣ ስሟን ያገኘችው ከእርሱ ነው። ሶልት ኋላ በግብፅ የብሪታንያ ዋና ቆንስል ሆኖ በ1827 እዚያው አረፈ።

የ1814ቱ አባሪ

የሶልት የጉዞ መጽሐፍ በ1814 ለንደን ላይ ታተመ። በመጽሐፉ መጨረሻ የተፈጥሮ ታሪክ አባሪ አለ። የዕፅዋቱን ዝርዝር ያዘጋጀው በዘመኑ እጅግ የተከበረው የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን ነው። የወፎቹ ዝርዝር ደግሞ በሎርድ ስታንሊ እጅ የተሠራ ነው። በብራውን ዝርዝር ውስጥ ብዙዎቹ ስሞች መግለጫ ሳይኖራቸው ስም ብቻ ሆነው ስለቀሩ በኋለኞቹ ዘንድ ዋጋ አላገኙም። የስታንሊ ወፎች ግን አጭርም ቢሆን መግለጫ ተከትሏቸዋል። ለዚህ ነው የሊቁ ስሞች ሲወድቁ የመኳንንቱ ልጅ ስሞች የቆሙት።

ሎርድ ስታንሊ፣ ሙሉ ስሙ ኤድዋርድ ስሚዝ ስታንሊ፣ በ1775 ተወለደ። ለብዙ ዓመታት የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረ ሲሆን በ1834 አባቱ ሲሞት 13ኛው የደርቢ ኧርል ሆነ። ልቡ ግን ከፓርላማው ይልቅ ወደ እንስሳት ያደላ ነበር። በኖውስሊ በሚገኘው ርስቱ ከዓለም ዙሪያ የመጡ አራዊትና አእዋፍ ያረባ ነበር። የሊኒያን ማኅበርም ሆነ የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። በ1851 ሲሞት የደረቁ ናሙናዎቹን ለሊቨርፑል ከተማ አወረሰ፤ የሊቨርፑል ሙዚየም የቆመው በእነዚያ ናሙናዎች ላይ ነው።

እንግዲህ ስታንሊ ለጨለቆቱ ወፍ የሰጠው ስም በመጽሐፉ የታተመው «አላውዶ ቼሊኩቲ» ተብሎ ነው። ሁለተኛው ቃል ግልጽ ነው። ሶልት ጨለቆትን በእንግሊዝኛ «ቼሊኩት» ብሎ ስለጻፈ የላቲኑ ስም የእርሱን አጻጻፍ ተከትሏል። የመጀመሪያው ቃል ግን እንቆቅልሽ ነው። በሳይንስ ስም የመጀመሪያው ቃል ወገንን፣ ማለትም የተቀራረቡ ዝርያዎችን ስብስብ፣ ያመለክታል፤ «አላውዶ» የሚባል የወፍ ወገን ግን የለም። የሳይንሳዊ ስያሜ መሥራች የሆነው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ለዓሣ አጥማጅ ወፎች ያወጣው ስም «አልሴዶ» ሲሆን «አላውዳ» ደግሞ የሜዳ ዘማሪ ወፎች ወገን ነው። የታተመው ቃል ከሁለቱም መሀል የወደቀ ይመስላል። ምናልባት የማተሚያ ቤት ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም የእጅ ጽሑፍ በትክክል አለመነበቡ ይሆናል። አብዛኞቹ መዝገቦች ቃሉን እንደታተመ ጽፈው አልሴዶ ለማለት ተፈልጎ ነው ብለው ያልፉታል። ዝርያውን የሚለየው ሁለተኛው ቃል ስለሆነ የመጀመሪያው ቃል መበላሸት ስሙን አላፈረሰውም።

ደራሲው ማን ይባል የሚለውም አንዳንዴ ይነሣል። መጽሐፉ የሶልት ነው፤ ወፉን ያመጣውም ሶልት ነው። የሥነ እንስሳት ስያሜ ሕግ ግን ስሙንና መግለጫውን ላወጣው ሰው ስለሚያደላ፣ ዛሬ ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው «ስታንሊ፣ 1814» ነው። ይህም በቅንፍ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ቅንፉ ደራሲው ዝርያውን መጀመሪያ በሌላ ወገን ሥር አስገብቶት እንደነበረ ያሳያል። የሶልት ስም በዚህ አጻጻፍ ውስጥ ቦታ አለማግኘቱ ትንሽ ቅር ያሰኛል።

የስሙ መጨረሻ ሌላ ክርክር አስነሥቷል። በላቲን ስያሜ ልማድ የቦታ ስም አብዛኛውን ጊዜ «ኤንሲስ» የሚል መድረሻ ይቀጠልለታል፤ «ኢ» ግን በወንድ ስም ላይ የሚገባ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢ ቼሊኩት የሚባል ሰው የነበረ ሊመስለው ይችላል። ይህን ያስተዋሉ አንዳንድ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎች ስሙን «ቼሊኩቴንሲስ» ብለው አርመው ጽፈውት ነበር። ላቲኑ የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን የስያሜ ሕግ የመጀመሪያውን አጻጻፍ ስለሚጠብቅ ማረሚያው ተጥሎ የስታንሊ «ቼሊኩቲ» ጸና።

ከ1814 እስከ 1921

በዚህ መቶ ዓመት የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ዊልያም ስዌንሰን በ1821 ሃልሲዮን የሚለውን ወገን አቆመ፤ ወፉም ከጊዜ በኋላ ወደዚያ ገባ። ከሌሎች የአፍሪካ ክፍሎች የመጡ ናሙናዎች አዲስ እየተባሉ ሌላ ሌላ ስም ተሰጣቸው፤ ሊሽተንስታይን «ስትሪዮላታ» ያለው አንዱ ሲሆን ከናሚቢያ ዳማራ ምድር የመጣው «ዳማሬንሲስ» ተባለ። ሁሉም ከ1814 በኋላ የወጡ ስለሆኑ ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል የሚለው የቅድሚያ ሕግ ሲሠራባቸው ለጨለቆት ስም ቦታ ለቀቁ። ጀርመናዊው ራይኸንባኽ እንዲያውም በመቶ ክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ላይ ከዚህ ዝርያ ስም ተነሥቶ «ቼሊኩቲያ» የሚል ወገን አውጥቶ ነበር። የእንደርታዋ ከተማ ለአንድ ወገን በሙሉ ስሟን ሰጥታ ነበር ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ጸሐፊዎች እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በዚህ ስም ተጠቅመዋል። ዛሬ ሃልሲዮን ውስጥ ተጠቃልሏል።

ሁለተኛው ቼሊኩቲ እንዴት መጣ

የሦስት ቃል ስም የመጣው ንዑስ ዝርያን የመለየት ሥራ ሲስፋፋ ነው። በዚህ ሥራ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ጀርመናዊው ኤርንስት ሃርተርት ነበር። ሃርተርት ከ1892 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በትሪንግ፣ በዋልተር ሮትሺልድ ሙዚየም፣ የአእዋፍ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በሺዎች የሚቆጠሩ የደረቁ ወፎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በቀለምና በመጠን ማወዳደር የዕለት ሥራው ነበር። በ1921 ከሰሐራ ደቡባዊ ዳርቻ የመጡትን ባለ መስመር ዓሣ አጥማጆች ሲመረምር ከሌሎቹ ፈዘዝ ያሉ ሆነው አገኛቸውና «ኤሬሞጊቶን» የሚል ስም አወጣላቸው፤ የበረሃ ጎረቤት እንደ ማለት ነው። ይህ ንዑስ ዝርያ ከማሊ ተነሥቶ እስከ ሱዳን መሀል ድረስ በሳህል ቀበቶ ይኖራል።

የዛሬው ክፍፍል የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነው። አንድ ዝርያ በንዑስ ዝርያዎች ሲከፈል፣ የመጀመሪያው ናሙና የሚመደብበት ንዑስ ዝርያ የዝርያውን ስም ደግሞ እንዲይዝ ሕጉ ያዝዛል። ስለዚህ «ቼሊኩቲ ቼሊኩቲ» ማንም ተቀምጦ ያወጣው ስም አይደለም፤ ሌላው ስም ሲጸድቅ በራሱ የተወለደ ነው። ደራሲነቱና ዓመቱም ያው የስታንሊና የ1814 ሆኖ ይቆጠራል። ሃርተርት ለበረሃው ወፍ ስም ሲያወጣ ለጨለቆትም ሳያስብ ሁለተኛ ጊዜ ስሟን አስጠራላት። የዝርያው መነሻ ቦታ ጨለቆት መሆኑ በመዝገብ የጸና ስለሆነ፣ ማንኛውም ተመራማሪ ሌላ አካባቢ ያገኘውን ወፍ እንግዳ ነው ለማለት ቢፈልግ በመጀመሪያ ከትግራዩ ወፍ ጋር ማስተያየት ይኖርበታል።

ሁለቱን ንዑስ ዝርያዎች በዓይን መለየት ቀላል አይደለም። ሳህል ላይ ያለው ፈዘዝ ያለና ሰረዙ የሳሳ መሆኑ ይነገራል። ግን ቀለም በፀሐይና በላባ ዕድሜም ስለሚለወጥ ለአንድ ወፍ ብቻ በእርግጠኝነት መፍረድ ያስቸግራል። ዓለም አቀፉ የአእዋፍ ስም ዝርዝር ሁለቱንም ተቀብሏል። ዝርያው ሰፊ ምድር ስለሚሸፍን የመጥፋት ሥጋት ከሌለባቸው መካከል ተመድቧል።

በዚያው የ1814 አባሪ ስታንሊ ስም ያወጣላቸው ሌሎች የአገራችን ወፎችም አሉ። ከከብት ጀርባ ላይ መዥገር የሚለቅመው ቀይ ምንቃሩ ቡፋገስ ኤሪትሮሪንከስና ጆሮው አካባቢ ነጭ የሆነው ትንሹ ኤሬሞፕቴሪክስ ሊዩኮቲስ እስከ ዛሬ የእርሱን ስም ይዘዋል። ሁለቱም የተሰየሙት በመልካቸው ነው። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከአንፊላ ባሕረ ሰላጤ የመጣው ሸርጣን የሚበላ ወፍ ግን እንደ ጨለቆቱ በቦታው ተሰይሞ «ኤሮዲያ አምፊሌንሲስ» ተብሎ ነበር። ይህኛውን ስዊድናዊው ፓይኩል በ1805 «ድሮማስ አርዲዮላ» ብሎ ቀድሞት ስለነበር የአንፊላ ስም ወድቆ ቀረ።