የሳንባ ምች ምንድን ነው? ከ«ምች»ስ በምን ይለያል?

«ምች ነው የመታት፤ ዳማከሴ ጨምቀን ቀብተናታል» አሉኝ አያቷ። የመጡት ከኮዬ ፈጬ ወዲያ ካለ ሰፈር ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ወሯ ነው፤ ሳል ከጀመራት ሦስተኛ ቀኗ። ማዳመጫዬን አላነሣሁም። ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ሹራቧን ወደ ላይ ሰበሰብኩና፣ እናቷ እንዳቀፈቻት ሆዷን እያየሁ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። በአንድ ደቂቃ 62 ጊዜ ተነፈሰች። አየር በሳበች ቁጥርም የደረቷ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል።

«እማማ፣ ይሄ የሳንባ ምች ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩህ?»

እውነታቸውን ነው፤ ያሳሳታቸው ስሙ ነው። በእኛ አነጋገር ምች ማለት ፀሐይ ወይም ሽታ «መታኝ» የምንለው፣ ራስ የሚፈልጥ፣ ከንፈር ላይ የሚወጣ፣ በጥቂት ቀን የሚለቅ ሕመም ነው። ለዚያ ዳማከሴ ቢሸተትም ቢጠጣም ሰው ይድናል፤ ባይጠጣም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የሳንባ ምች ግን ስሙን ተዋሰ እንጂ ዘመዱ አይደለም። ሐኪም ቤት «ኒሞኒያ» ሲባል የምትሰሙት እሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ740,000 በላይ ሕፃናት ሞተውበታል።

ሳንባችን ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገረው በእነሱ ግድግዳ ነው። ጀርም ሲገባባቸው ሰውነት ሊዋጋ ይነሣና ከረጢቶቹ በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ። ውሃ የጠጣ ስፖንጅ አየር አይዝም፤ የታመመውም የሳንባ ክፍል እንደዚያው ነው። የጎደለውን ለማሟላት ሰውነት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። እኔ ከሳሉና ከትኩሳቱ ይልቅ እስትንፋሱን የምቆጥረው ለዚህ ነው፤ ጉንፋንም ያስላል፣ ጉንፋንም ያተኩሳል።

በሽታውን ቫይረስም ያመጣዋል፤ በሕፃናት ላይ እንዲያውም ቫይረሱ ይበዛል። ከባክቴሪያዎቹ ዋነኛው ኒሞኮከስ ነው። ከሩቅ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ፤ በብዙ ጤነኛ ልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ጉንፋን ወይም ኩፍኝ የመተንፈሻውን ሽፋን ሲያቆስልለት ወደ ታች ይወርዳል። ሕዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀውን የሕዳር በሽታ በማሰብ አይደል? ያ ወረርሽኝ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ነገር ግን በሌላው ዓለም በዚያው ወረርሽኝ ከሞቱ ሰዎች ተጠብቆ የቆየ የሳንባ ናሙና በኋላ ሲመረመር፣ አብዛኞቹን የጨረሳቸው ጉንፋኑን ተከትሎ የገባ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኝቷል። በሩን የከፈተው ቫይረሱ፣ ገብቶ የገደለው ባክቴሪያው ነው።

ሂብ የሚባለውም ባክቴሪያ ከባድ ነው። ስታፊሎኮከስና ክሌብሲየላ ደግሞ በተለይ ሰውነቱ በደከመና ሆስፒታል በተኛ ሰው ላይ ይበረታሉ። የሂብ ክትባት ወደ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒሞኮከስ ደግሞ በ2011 ገብቷል። ሁለቱም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በነፃ ይሰጣሉ። ቤት የቀየረ ሰው ካርዱን ይዞ አዲሱ ሰፈር ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ። በከተማው ጠርዝ ቤተሰብ ከኪራይ ወደ ኪራይ ሲዘዋወር ሦስተኛው ክትባት ሲረሳ በጣም አያለሁ፤ ያንገበግበኛል።

«ብርድ ነው» ለሚሉኝ፦ ብርድ ብቻውን የሳንባ ምች አይፈጥርም። ብርዱ ግን በር ያስዘጋናል። አንድ ክፍል ቤት፣ አምስት ሰው፣ መሐል ላይ የከሰል ምድጃ። ጭሱ የሕፃኑን መተንፈሻ ያቆስላል፣ የአንዱ ሳል ለሌላው ይደርሳል። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ምግቡንም ከሕፃኑ ርቆ ማብሰል ትልቅ ነገር ነው።

እስትንፋስ መቁጠር ማንም ይችላል። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ እንጂ ሲያለቅስ አይቆጠርም፤ ሙሉ አንድ ደቂቃም ይፈልጋል። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፤ ይምጣ። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ይነሣ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰም ለነገ አይባልም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ትኩሳቱ ላይታይ ይችላል፤ አባባ በድንገት ንግግራቸው ከተምታታና ምግብ ከጠላቸው ሳንባቸውንም ጠርጥሩ።

ጤና ጣቢያ ስትመጡ በማዳመጫ የሳንባውን ድምፅ እንሰማለን፣ ጣት ላይ በሚታሰር መለኪያ የደሙን ኦክስጅን እናያለን። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን የግድ ነው። ራጅ ለሁሉም አያስፈልግም። «የትኛው ባክቴሪያ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የለንም፤ ሕፃን አክታውን ስለሚውጠው ናሙና አይገኝም፣ በደም ምርመራም ጀርሙ ብዙውን ጊዜ አይያዝም። ስለዚህ ዕድሜውንና ምልክቱን አይተን እናክማለን። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ሳንባ ነቀርሳም መመርመር አለበት።

ለሕፃናት የመጀመሪያው መድኃኒት አሞክሳሲሊን ነው። ክኒኑ በንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይሟሟል፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ5 ቀን። የጠናበት ሆስፒታል ገብቶ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በመርፌ ይወስዳል። ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ ግን አሞክሳሲሊን የሚያፈርሰው ግድግዳ ስለሌለው ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። ከታላቅ ወንድም የተረፈ ሽሮፕ መስጠት፣ ወይም ለተራ ጉንፋን ፋርማሲ ሄዶ «አሞክሳሲሊን ስጡኝ» ማለት ጀርሙን መድኃኒቱን ያለማምደዋል። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ያደማል እንጂ ሳንባ ውስጥ ያለውን መግል አይነካውም።

የልጅቷ ኦክስጅን 93 ነበር፤ ጡትም አልተወችም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው አሟሙተን በማንኪያ ሰጠናትና፣ በሁለተኛው ቀን እንዲመልሷት ነግረን ሸኘናቸው። ሲመለሱ 43 ቆጠርኩ፤ ስርጉድታውም ጠፍቷል። አያቷ ግን «ሳሉ እኮ አለ፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?» አሉኝ። ሳሉ ከእስትንፋሱ በኋላ ነው የሚሄደው፤ አንድ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የቀሩትን ሦስት ቀናት ክኒን ቆጥረው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።